ክዳኗ እስክትወድቅ

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። ሰው ምን እንደምትሠራ ሲጠይቀኝ "ኮምፒውተር" ብዬ ዝም እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ከጠየቀኝ ስለ ዝናብ ማውራት እጀምራለሁ። ባለፈው በዓል ቤት መጥታ ስለነበር ግን ከምሳ በኋላ አንቄ ይዤ ጠየቅኋት። እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፦ ሰዎች በስልካቸው እርስ በርስ የሚጻጻፉበትን ነገር የሚያስተናግድ ማሽን አለ፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ማሽን የየራሱን በር ከፍቶ ይቀመጣል። አብዛኛው ዝም ብሏል። ድንገት አንዱ "እንዴት ዋላችሁ" ብሎ ይጽፋል፤ ማሽኑም ያንን ተቀብሎ ለሌሎቹ ያደርሳል። የእሷ ሥራ፣ ማሽኑ ከዚያ ሁሉ በር መሃል የትኛው ላይ ነገር እንደመጣ የሚያውቅበትን ዘዴ መጻፍ ነው።

"በየበሩ እየዞረ 'አላችሁ ወይ?' ይላላ!" አልኳት።

"እንደሱማ ካደረገ አለቀለት ጋሼ። ሲዞር ይውላል፤ አንድም ሥራ አይሠራም። ዝም ብሎ ይተኛል እንጂ። በር ሲንኳኳ ብቻ ይነቃል፤ የቱ በር እንደሆነም አብሮ ይነገረዋል።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። "ይህንንማ የስልክ ቤታችን እትዬ ባንቻየሁ ዳንቴል እየሠሩ ይሠሩት ነበር" አልኳት። አላመነችኝም። የዘመኑ ልጆች እነሱ ከመወለዳቸው በፊት እኛ ቁጭ ብለን ስንጠብቃቸው የነበርን ነው የሚመስላቸው። እናንተም እንደ እሷ ፈገግ ካላችሁ፣ በየበሩ እየዞረ "አላችሁ ወይ?" ያለው ሰው እኔ ስለሆንኩ፣ ነገሩን ከእኔው ከባለጉዳዩ ስሙት።

በደርግ ጊዜ ነቀምት ስልክ ቤት ተቀጥሬ ቴሌግራም አድል ነበር። የመንግሥት ብስክሌት ነበረችኝ፤ ከጨለለቂ ሰፈር እስከ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ዳገቱን ሳወጣት ቁልቁለቱን ስታወርደኝ እንውላለን። ሥራው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። በዚያ ዘመን ቴሌግራም የሚያመጣው ወሬ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለነበር፣ ሰው ብስክሌቴን ገና ከሩቅ ሲያይ መቀነቱን ለለቅሶ ማጥበቅ ይጀምራል። ስለዚህ ደግ ወሬ የያዝኩ ቀን ደወሌን እያቃጨልኩ "የሠርግ ነው! የሠርግ ነው!" እያልኩ እገባ ነበር። ዝም ብዬ የገባሁ ቀን ሰፈሩ ያውቀዋል።

ቴሌግራም በሌለ ሰዓት የምቀመጠው የስልክ ማዞሪያው ክፍል ነው። ማዞሪያው ቁም ሣጥን የሚያህል የእንጨት ነገር ሲሆን፣ ፊቱ ላይ ቀዳዳዎች በረድፍ ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በላይ የዐይን ሽፋን የምታህል የብረት ክዳን አለች። ጊምቢ ያለ ሰው የስልኩን እጀታ ሲያሽከረክር፣ እዚህ ነቀምት የጊምቢ ክዳን ጠብ ትላለች። ያን ጊዜ ገመዱን ከቀዳዳው ሰክተህ "አቤት ጊምቢ?" ትላለህ፤ የሚፈልገውን ይነግርሃል፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ የሚፈልገው ቀዳዳ ውስጥ ሰክተህ ትደውልለታለህ። ሲጨርሱ ደግሞ እጀታውን ያሽከረክሩና የገመዱ የራሱ ክዳን ትወድቃለች፤ ትነቅላለህ። ይኸው ነው።

ይኸው ነው ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ያንን ሣጥን ባየሁት ቁጥር አፌን ከፍቼ ነበር የምቀመጠው። ሻምቡ አለች፣ ደምቢ ዶሎ አለች፣ ባኮ አለች። ያ ሁሉ ጫካና ገደል፣ ያ ሁሉ በክረምት የሚሞላ ወንዝ ታልፎ የመጣ ሽቦ፣ ትንሿ ጣቴ እንኳ የማትገባበት ቀዳዳ ውስጥ መጥቶ ያልቃል። አንዳንድ ጊዜ ማንም ሳያየኝ ጆሮዬን ወደ ደምቢ ዶሎ ቀዳዳ አስጠግቼ አዳምጥ ነበር። ምንም አይሰማም። ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር።

የሣጥኑ ባለቤት እትዬ ባንቻየሁ ናቸው። አባታቸው ከጎጃም መጥተው ነቀምት የቀሩ፣ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው የጎጃም ቁጣ ያልለቀቃቸው ሴት ነበሩ። ትሕትና የሚባል ነገር በአጠገባቸው አላለፈም። "ወለጋ በእጄ ነው" ይላሉ፤ እውነትም በእጃቸው ነበር። ዳንቴላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዐይናቸውን ክሩ ላይ ተክለው ይውላሉ። ጠብ ሲል ብቻ እጃቸው ይነሣል፤ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ትክክለኛው ቀዳዳ ውስጥ ይሰካሉ። ከዚያ ተመልሰው ዳንቴል። እኔ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ብዙ ከማየቴ የተነሣ የቻልኩት መሰለኝ። ሰው ሌላው ሲዋኝ እያየ ዋናተኛ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን ዓባይን በተሻገርን።

ጉዴ የወጣ ቀን በየከተማው ሰልፍ ነበር። ሁሉም ሰው እንዲወጣ ተነግሯል፤ የቀረ ወየውለት። ሥራ አስኪያጃችን መፈክር ይዘው ወጡ፤ እትዬ ባንቻየሁም በሴቶች ማኅበር በኩል ግዴታ ነበረባቸው። ማዞሪያው ግን ሰልፍ አይወጣም፤ አንድ ሰው መቅረት አለበት። ዐይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ስማኝ" አሉኝ እትዬ ባንቻየሁ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "ክዳን ካልወደቀ አትንካ። ክዳን ሲወድቅ ያችኑ አንሣ። እሽ?"

"እሺ።"

"የአዲስ አበባው መስመር ላይ ዛሬ የአዴ ደሲቱ ጉዳይ አለ። እሱን ብታበላሽ እኔና አንተ አንድ ከተማ ውስጥ አንኖርም።"

የአዴ ደሲቱን ጉዳይ መንገር አለብኝ። አዴ ደሲቱ፣ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው፣ የአርጆ ሴት ናቸው። ልጃቸው ገመቹ ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ከግንባር የተመለሰ አንድ ልጅ "ወድቋል፣ በዐይኔ ዐይቻለሁ" አለ። ሌላው ደግሞ "አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል ሲባል ሰምቻለሁ" አለ። ዘመድ ተሰብስቦ እንልቀስ ቢላቸው "ድምፁን ሰምቼ ወይም አፈሩን ዐይቼ ካልሆነ አላለቅስም" ብለው እንቢ አሉ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለች ዘመዳቸው እንደምንም ለምና፣ ያ በሽተኛ በእርግጥ ገመቹ ከሆነ በዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ሐኪሙ ክፍል ወዳለው ስልክ አምጥተው ከእናቱ ጋር እንደሚያገናኙት ቃል ተገባላት። አንድ ጊዜ ብቻ። እሳቸውም ጎሕ ሳይቀድ ሄደው አርጆ ስልክ ቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

ገና ወንበሩ ላይ ከመቀመጤ የአርጆ ክዳን ጠብ አለች። ዘልዬ ሰካሁ።

"ኢልማ ኮ፣ አዴ ደሲቱ ነኝ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ አከም ቡልቴ እንዴት አደርክ፣ ነጋ ደግሞ ሰላም ነው። "አከም ቡልቴ? ነጋ? አዲስ አበባ ጠራ?"

"ገና ነው አዴ። ነጋ፣ ነጋ። ሲጠራ ወዲያው እሰጥዎታለሁ።"

"እንዳያልፍህ። ዋቃዮን፣ በእግዜር፣ እንዳያልፍህ።"

"እኔ እያለሁ? በፍጹም!"

ነቀልኩና ዐይኔን የአዲስ አበባ ክዳን ላይ ተከልኩ። ክዳኗ ቀጥ ብላ ቆማለች። ትንሽ ቆየሁ። አልወደቀችም። ትንሽ ጨምሬ ቆየሁ። ከዚያ ሰይጣን መጣና ጎኔ ተቀመጠ፦ "ይቺ ክዳን ዝጋ ብትሆንስ? አዲስ አበባ ሲደውል ውሎ፣ እሷ ግን ተጣብቃ ቀርታ ቢሆንስ?" አለኝ። እኔም ለሰይጣኑ "እውነትህን ነው" አልኩት። ገመዱን ሰካሁ።

"ሃሎ አዲስ አበባ?"

"አቤት ነቀምት፣ ማንን ልስጥህ?" አለች የአዲስ አበባዋ ኦፕሬተር። ድምፅዋ ሎሚ የጠጣ ይመስላል።

"ማንንም። ፈልጋችሁኝ እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ስንፈልግህ እንጠራሃለና!"

"ጠርታችሁኝ ክዳኗ ሳትወድቅ ቀርታ ከሆነ ብዬ..."

"ዝጋ!"

ዘጋሁ። ሰው በዚህ ይማራል። እኔ ግን የተማርኩት ሌላ ነገር ነው፦ የአዲስ አበባን አረጋገጥኩ፤ የሌሎቹስ ክዳኖች ዝገው ቢሆን? አንድ ሰው ጊምቢ ላይ ቆሞ እጀታ ሲያሽከረክር ክንዱ እየወለቀ ቢሆንስ? በየቀዳዳው እየዞርኩ "አላችሁ ወይ?" ብል ምን ይጎዳል? ክዳን መጠበቅ የሰነፍ ሥራ ሆኖ ታየኝ።

ከጊምቢ ጀመርኩ። ጊምቢ ስልክ ቤት ያሉት ሰውዬ ደግ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ደግሞ ወለጋ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ አንድን ሽማግሌ "አሉ?" ብዬ ጠይቄ "አለሁ" ሲሉኝ ነቅዬ መሄድ ከየት አባቴ አምጥቼ? "አከም ቡልታኒ?" አልኳቸው። "ነጋ። አከም ቡልቴ?" አሉኝ። "ኢጆሌን ነጋ?" ልጆች ደህና ናቸው። "ሎን ነጋ?" ከብቱም ደህና ነው። እሳቸው ደግሞ በተራቸው ልጆቼን ጠየቁኝ፤ አላገባሁም። ከብቶቼን ጠየቁኝ፤ የመንግሥት ብስክሌት ናት ያለችኝ፤ ደህና ናት አልኩ። ዝናቡን ጠየቁኝ፤ አዝመራውን ጠየቁኝ። በመጨረሻ "ታዲያ ምን ፈለግህ ልጄ?" አሉ። "ምንም፤ መኖርዎን ለማወቅ ነው" አልኳቸው። ሲመልሱልኝ ድምፃቸው ተለውጧል። "ማን ነው እንድትጠይቅ ያዘዘህ?" አሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቀን፣ ከማዕከል ተደውሎ "አላችሁ ወይ?" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልገባኝም። ሰው ሁሉ ሰልፍ ላይ መሆን አለበት። ስልኩን ያነሣ ሰው ሰልፍ የቀረ ሰው ነው።

ለአንድ ቀበሌ ደወልኩ። ጸሐፊው አነሣው። "አላችሁ ወይ?" አልኩት።

"የለንም!" ብሎ ጮኸ። "ሁላችንም ሰልፍ ላይ ነን ጓድ!"

"አንተስ?"

"እኔም እዚያው ነኝ!" አለና ጠረቀመው።

ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ ነበሩ፤ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሱቃቸውን ከውስጥ ቀርቅረው ጨርቁ ላይ ጋደም ብለው ኖሯል። "ጋሽ ሸምሱ፣ አሉ ወይ?" ስላቸው "ሱቁ ዝግ ነው፣ ሰው የለም" አሉኝ። "እርስዎስ?" አልኳቸው። "እኔ ምን እሠራለሁ እዚህ?" ብለው ተቆጡ። ሻምቡ፣ ባኮ፣ እያልኩ ሄድኩ። እያንዳንዱ ጋ ሰላምታው አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ ከብቶቹ አሉ፤ ከብቶቹ ካለቁ በኋላ 'ማን አዘዘህ?' አለ። እኔ ከአንዱ ጋ ላም ስቆጥር ሌሎቹን ክዳኖች የሚያያቸው የለም። ይህ ነገር በሐሳቤ አልመጣም። እንዲያውም ወለጋን በሙሉ እየጠበቅሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ አንዲት ክዳን ጠብ አለች። ጊምቢ ነው፤ ሻምቡን ፈለጉ። ሳልጨርስ ሻምቡ ጠብ አለ፤ ጊምቢን ፈለጉ። ባኮ ጠብ አለ። ቀበሌው ጠብ አለ። እርስ በርሳቸው "አንተንም ጠየቁህ?" ሊባባሉ ነው። ማዕከሉ የቀሩትን እየቆጠረ ነው የሚል ወሬ ተነሥቷል። ወዲያው ክዳኖቹ በረድፍ በረድፍ፣ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንደሚሰማው አድርገው ይረግፉ ጀመር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ዐይቼ አላውቅም። ፈራሁ፤ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ገረመኝ። ያ ሁሉ ከተማ፣ ያ ሁሉ ተራራ ማዶ ያለ ሰው፣ ባንድ ጊዜ ፊቴ መጥቶ አንኳኳ። አንድ ሞኝ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ወለጋን ከዳር እስከ ዳር ማናገር ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

ገመዶቹን እንዳገኘሁ መሰካት ጀመርኩ። ቀበሌውን ጋሽ ሸምሱ ላይ ሰካሁት። ሁለቱም የበላይ አካል የደወለባቸው መሰላቸው።

"እኔ የለሁም ጓድ!" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

"እኔም የለሁም ጓድ!" አለ ጸሐፊው።

"አብዮቱን እደግፋለሁ!"

"እኔም ከእርስዎ በላይ እደግፋለሁ!"

በዚህ መሃል ነው ቀና ያልኩት። የአዲስ አበባ ክዳን ወድቃ ተንጠልጥላለች። አልዛገችም፤ አልተጣበቀችም። መቼ እንደወደቀች ግን እግዜር ይወቅ። አዴ ደሲቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ታዩኝ። ባገኘሁት ገመድ ሰካሁ።

"ነቀምት! ሞታችኋል እንዴ?" አለች ባለ ሎሚዋ። "ስጠራህ ስጠራህ! አርጆን አገናኝ፤ ከሆስፒታል ነው። ልጁ በምርኩዝ ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ ሐኪሙ ክፍሉን ይፈልገዋል፤ መስመሩም ለሌላ ሰው ተይዟል። ፍጠን!"

በምርኩዝ። ምርኩዝ የሚይዝ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ለአርጆ ደወልኩ።

አሁን ስለ አርጆ መስመር አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አርጆ ድረስ የሚሄደው ሽቦ አንድ ነው፤ በመንገዱ ላይ ስልክ ያለው ሁሉ በዚያው ሽቦ ላይ ነው። ወፍጮ ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ገበሬ ማኅበሩ። የየራሳቸው አደዋወል ቢኖራቸውም፣ አንዱ ሲጠራ የሁሉም ደወል ያቃጭላል፤ ሲያቃጭል ደግሞ ሁሉም ያነሣል። ይህ በደኅናው ቀን ነው። በዚያን ቀን፣ ማዕከሉ ማንን እየጠየቀ እንደሆነ ለማወቅ ጆሮውን ያልደቀነ አልነበረም። ጣጣው ደግሞ፣ ባትሪው ደካማ ስለሆነ፣ የተነሣ ጆሮ ሁሉ ከድምፁ ድርሻውን ይወስዳል።

"ሃሎ? ኢልማ ኮ?" አሉ አዴ ደሲቱ።

ከአዲስ አበባ በኩል አንድ ነገር ተሰማ። ድምፅ ነው። ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ ስትሆን የምታሰማው ዓይነት ድምፅ። የወንድ ይሁን የሴት፣ የገመቹ ይሁን የሌላ ሰው፣ ማንም ሊያውቀው አይችልም።

"ማን ነህ? አይሰማኝም! ገመቹ ነህ?" አዴ ደሲቱ እየጮኹ ነው። "ሂን ደገኡ! አይሰማኝም!"

ዝንቧ እንደገና ጮኸች። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ወንድ ነኝ ብዬ አልደብቃችሁም። ሴትዮዋ አንድ ዓመት ሙሉ ለቅሶአቸውን ይዘው የጠበቁት ለዚህ ነው? እንደ እብድ ጮህኩ።

"የአርጆ መስመር ላይ ያላችሁ! ስልክ ዝጉ! እናትየዋ ልጃቸውን መስማት አልቻሉም! ዝጉ!"

ጸጥ አለ። ማንም አልዘጋም። ገባኝ። ስልክ ሲዘጋ "ቀጭ" ይላል። ቀጭ ያለ ሰው ሲያዳምጥ ነበር ማለት ነው፤ ሲያዳምጥ የነበረ ደግሞ ሰልፍ የቀረ ሰው ነው። እያንዳንዱ ትንፋሹን ውጦ ሌላው ቀድሞ እንዲዘጋ ይጠብቃል። ትንፋሻቸው ግን ይሰማኛል።

"ኧረ ስለ እግዚአብሔር!" አልኩ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ፈይሳ ነኝ" አለ። "የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር።"

ክው አልኩ። ኦቦ በኦሮምኛ ጋሽ እንደማለት ነው፤ የኦቦ ፈይሳን ስም ሰምቶ የማይደነግጥ የአርጆ መንገድ ሰው አልነበረም። ሰልፍ የቀረን ሰው ጠርቶ የሚጠይቀው ራሱ እሱ ነው።

"ሰልፍ ላይ አይደለሁም" አለ ኦቦ ፈይሳ። "የእኔም ልጅ እዚያው ሰሜን ነው። ከሆስፒታል ነው ሲባል ስለ እሱ አንድ ነገር እሰማ እንደሆነ ብዬ ነው ያነሣሁት። አዴ ደሲቱ፣ ዋቃዮ ያሰማሽ። ነጋቲ፣ ደህና ሁኚ።"

ቀጭ።

ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ግን በወለጋ ማንም ሳይሰናበት አይሄድም። "አዴ ደሲቱ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር ነኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጆቹ ነጋ?" እኔ "ዝጋ!" እላለሁ። ቀጭ። "አዴ፣ የወፍጮው ነኝ፤ እህልሽ ተፈጭቷል፣ ነጋቲ!" "ዝጋ ብያለሁ!" ቀጭ። አንድ አንድ ጆሮ ከመስመሩ በወጣ ቁጥር ድምፁ እየቀረበ መጣ። ዝንቧ ሰው ሆነች። ሰውዬው ወንድ ሆነ። ግን ገና ሩቅ ነው፤ እናትየዋ "ማን ነህ?" ማለታቸውን አልተዉም።

"አንድ ሰው ቀርቷል!" ብዬ ተቆጣሁ። "አሁንም መስመሩ ላይ ያለህ ሰው! እናት አታውቅም? ርኅራኄ የለህም? ማን ነህ አንተ?"

እንደገና ጮህኩ። "ማን ነህ ብያለሁ!"

"ነቀምት፣ አንተ ነሃ!" አለች የአዲስ አበባዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ ሎሚ አልነበረም። "አንተ ራስህ ነህ ወንድሜ። እኔም ወጣሁ፤ አንተም ውጣ።"

የማዳመጫውን ቁልፍ መለስኩ። ጆሮዬ ላይ ያለው ሁሉ ጠፋ።

እንግዲህ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ገመዱን አየሁት። አንዱ ጫፉ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጫፉ አርጆ፣ መሃሉ ጉልበቴ ላይ ጋለል ብሏል። አይንቀሳቀስም፤ አይሞቅም። በውስጡ ግን አንድ ልጅ ወደ እናቱ እያለፈ ነበር፤ ወይም የሌላ ሰው ልጅ ወደ ተሳሳተች እናት እያለፈ ነበር። ጉልበቴን ላነቃንቅ ፈራሁ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፤ ከሩቅ የሰልፉ ጩኸት ይሰማል፤ እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ያህል ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

እጄ መቶ ጊዜ ወደ ቁልፉ ሄደ። "ትደማመጣላችሁ ወይ? አላችሁ ወይ?" ብዬ ብጠይቅ? አንዴ ብቻ ጆሮዬን ጣል ባደርግስ? በመጨረሻ እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ከላይ ሌሎቹ ክዳኖች ይረግፋሉ። እኔ የማየው አንዲቷን፣ የዚያን ገመድ ክዳን ብቻ ነው። እትዬ ባንቻየሁ ዳንቴል እየሠሩ ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚችሉት ያን ጊዜ ነው የገረመኝ። መጠበቅ ምንም አለመሥራት ይመስለኝ ነበር። ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ጠብ አለች።

ቁልፉን ከፈትኩ። አዲስ አበባ ተዘግቷል። የአርጆ መስመር ላይ ትንፋሽ አለ።

"አዴ ደሲቱ? ሰሙት? እሱ ነው?"

"እሱ ነው" አሉ። "ገመቹ ኮ ነው።"

"ምን አለዎት?"

"'አከም ጅርታ ሃዳ ኮ' አለኝ። እናቴ እንዴት ነሽ አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እኔ ጠየቅሁት። ነጋ? አልኩት፣ ነጋ አለኝ። ፈያ፣ ጤና? አልኩት፣ ፈያ አለኝ። ሰውነትህ ሙሉ ነው? አልኩት፣ ፈያ አለኝ። ከዚያ ጎረቤቱን በሙሉ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ ላሟን ጠየቀኝ፤ ወልዳለች አልኩት። የጥጃዋን መልክ ስነግረው ተቋረጠ።"

ምርኩዙን አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም። ያ የእሱ ነው፤ ቆሞ በር ላይ ሲያዩት ይነግራቸዋል። ያችን ጠባብ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ተራራ አቋርጦ የመጣ ሽቦ ይዘው፣ ሁለቱ ሰላምታ ተለዋውጠው ጨረሱት። ረፋዱን ሙሉ በሰላምታ ሥራዬን አበላሸሁ ብዬ ስበሳጭ ነበር። አሁን ግን ከዚያ የተሻለ ምን ሊባባሉ ይችሉ እንደነበር ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።

"ገላቶሚ ኢልማ ኮ" አሉኝ አዴ ደሲቱ። ተመስገን ማለታቸው ነው፣ አመሰግናለሁም ማለታቸው ነው። "አላሳለፍከኝም።"

ከፊቴ የወለጋ ክዳኖች በሙሉ ወድቀዋል። ጋሽ ሸምሱና የቀበሌው ጸሐፊ አሁንም በአንድ ገመድ ላይ አለመኖራቸውን አንዱ ለሌላው እያረጋገጡ ነው። እትዬ ባንቻየሁ በማንኛውም ደቂቃ በር ከፍተው ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ እኔና እሳቸው አንድ ከተማ ውስጥ እንኖር እንደሆነ አላውቅም። ዘግቼ ወደ ሥራዬ መመለስ ነበረብኝ።

"አንተስ?" አሉኝ አዴ ደሲቱ። ለቅሶአቸው በሳቅ መሃል እየወጣ ነበር። "ሳልጠይቅህ። አንተስ ነጋ? ቤቱ ነጋ? ሎን ነጋ?"

ወንበሬን አስጠግቼ፣ ስለ ብስክሌቷ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።